የአባቴ ሰበብና የዮናስ ሐሳብ

ሰው ቤት ሲለውጥ ጎረቤት ዕቃ ያግዘዋል። ስልክ ቁጥር ሲለውጥ ወዳጆቹ አዲሱን ይይዙለታል። ጠጪ የነበረው መጠጡን ትቶ ውኃ ሲጀምር «እሰይ፣ እግዜር ያጽናህ» ይባላል። የንስሐ አባቱን የለወጠ ሰው እንኳ ትንሽ ይታማና ይረሳል። ሐሳቡን የለወጠ ሰው ግን የሚያግዘውም፣ የሚመርቀውም፣ የሚረሳለትም የለም። «ምን አግኝቶ ነው?» ይባላል። አስቦበት ይሆናል የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሐሳቡን በሬዲዮ የለወጠ ሰው ነው። እኔና እናንተ ሐሳባችንን ብንለውጥ ማን ያውቅብናል? በተለይ እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ዓይን አፋር ሰው ጠዋት የወደደውን ማታ ቢጠላ፣ ትናንት «ልክ ነው» ያለውን ዛሬ «ልክ አይደለም» ቢል፣ ነገሩ ሁሉ በሆዱ ስለሆነ ከዳተኛ የሚለው የለም። ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶች ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ጋዜጠኛ ግን ምን ያድርግ? እንጀራው መናገር ነው። የተናገረውን ደግሞ ሰው እንደ ውል ይይዝበታል።

ይህን ሁሉ የምለው እህቴን ሊያገባ ሽማግሌ ስለላከው ጋዜጠኛ ላወራችሁ ፈልጌ ነው። ዮናስ ይባላል። የፖለቲካ ጋዜጠኛ ነው፤ እዚሁ ባሕር ዳር ከአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ማታ ማታ የሚተላለፍ ዝግጅት አለው። እኔ ፖለቲካ አላውቅም። ስምንተኛን ያለፍሁት እንኳ በጭንቅ ነው፤ ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ስሜን ከታች ወደ ላይ ነበር የፈለግሁት። የዮናስን ዝግጅት ግን ሳልሰማ ያደርሁበት ማታ የለም። ወድጄ አይደለም፤ አባቴ ስለሚከፍቱት ነው።

አባቴ አቶ ፈንታሁን ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው። ዮናስ ደግሞ የሚለው «ፋብሪካው፣ መሬቱ፣ ትልልቁ ነገር ሁሉ የሕዝብ ነው፤ በመንግሥት እጅ ይቆይ፤ ለባለሀብት አይሸጥ» ነበር። ይህን የሚቃወሙት በሌላ ጣቢያ «መንግሥት ምን አገባው፤ ይሽጥና ይረፍ» ይላሉ። አባቴ ሌላውን ጣቢያ አይከፍቱም። ራት ሲቀርብ ሬዲዮው መስኮቱ ላይ ይቀመጣል፤ ዮናስ ሲጀምር ቤቱ ጸጥ ይላል። አንድ ደኅና ነገር ሲናገር አባቴ ጉርሻቸውን አየር ላይ ያቆሙና «በል እንጂ» ይሉታል፣ ሬዲዮው የሚሰማቸው ይመስል። እናቴ «እስቲ እሱንም አጉርሰው» ትላለች።

እህቴ ትርንጎ ጣና ዳር፣ ከጀልባ ማኅበር ቢሮ ትኬት ትቆርጣለች። ዮናስ መጀመሪያ ለሥራ ወደ ዘጌ ገዳማት ሊሻገር መጣ። ከዚያ በየሳምንቱ መሻገር ጀመረ። ጀልባ ነጂዎቹ «ይህ ልጅ ሊመነኩስ ነው» ብለው ነበር አሉ። ቆይቶ ግን ትኬቱን ይገዛና ጀልባው ሲነሣ እሱ መስኮቱ ጋ እንደቆመ መቅረት ሲያመጣ፣ ምንኩስናው እንደቀረ ገባቸው።

ዮናስ የአርባ ምንጭ ልጅ ነው። ባሕር ዳር ከገባ ዓመታት ቢያልፉም የእኛን አገር ነገር ገና አልጨረሰውም። እዚሁ የተወለድነውስ መች ጨረስነው?

አሁን ወደ ሽምግልናው ልግባ። ሽማግሌ ለጋብቻ ሲመጣ ወግ አለው። ሽማግሌዎቹ «ቁጭ በሉ» ቢባሉም «ጉዳይ አለን» ብለው፣ እሺ እስኪባሉ ድረስ ይቆማሉ። የልጅቱ አባት ደግሞ ልባቸው ቢፈቅድም በመጀመሪያው ቀን «እሺ» አይሉም። እሺ ካሉማ «ልጅቱ ከብዳው ነበር» ይባላል። ስለዚህ አንድ ሰበብ ይፈልጋሉ፤ «ገና ልጅ ናት» ወይም «ዘመድ ላማክር» ይሉና ቀጠሮ ይሰጣሉ። ሽማግሌዎቹ ሰበቡ ሰበብ መሆኑን ያውቃሉ። አባትም እንደሚያውቁ ያውቃሉ። ጓዳ ያሉት ሴቶችም ያውቃሉ። ይህን የማያውቅ ሰው ይኖራል ብሎ ያሰበ ግን ማንም አልነበረም።

የዮናስ ሽማግሌዎች አቶ አስማረና ሐጂ እንድሪስ ነበሩ። አቶ አስማረ ዕድሜያቸውን ጣና ላይ ጀልባ ሲነዱ የኖሩ፣ ቃላቸውን እንደ ነዳጅ የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። ሐጂ እንድሪስ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ዮናስ የተከራየው ከእሳቸው ግቢ ነው። ሦስተኛም ሽማግሌ ነበሩ፤ ምንም ስላልተናገሩ ስማቸውን አልጠራም። ዓይን አፋር ዓይን አፋርን ያውቃል።

እኔ ማስታጠቢያውን ይዤ በጓዳው በር ቆሜ ነበር። «እሺ» ከተባለና ማዕድ ከቀረበ እጅ የማስታጥበው እኔ ነበርሁ። ማስታጠቢያ የያዘችን ልጅ ማንም ልብ አይላትም፤ ስለዚህ ሁሉንም ሰማሁ።

አባቴ ሰበብ ጠፋባቸው። ትርንጎ ትምህርቷን ጨርሳለች፣ ሥራ ይዛለች፤ ልጅ ናት እንዳይሉ ሐጂ ሊስቁ ነው። ዘመድ ላማክር እንዳይሉ ዘመዱ ሁሉ ቀድሞ ሰምቶ ጓዳ ውስጥ ነበር። ዓይናቸው ሲዞር ሲዞር መስኮቱ ላይ ካለው ሬዲዮ ላይ ዐረፈ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ልጁን እንዳልጠሉት፣ በሬዲዮ የሚናገረው ነገር ግን እንደማይጥማቸው፣ ሐሳቡ ከሐሳባቸው ጋር እንደማይገጥም፣ እንዲህ ላለ ሰው ልጅ መስጠት እንደሚያስቸግራቸው ተናገሩ። ሐጂ እንድሪስ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። አባቴ የዮናስን ንግግር ሐጂ ሱቅ ድረስ ሄደው በቃላቸው ሲወጡላቸው የኖሩ ሰው ናቸውና። ለካ አባቴ ከእውነት በጣም የራቀውን ሰበብ የመረጡት አውቀው ነው፤ ማንም እንዳያምናቸው።

ቀጠሮ ተሰጠ፤ ሽማግሌዎቹ ሄዱ። በሩ ሲዘጋ አባቴ እጃቸውን አፋትገው «እንዴት ነበርሁ?» አሉ። እናቴ ወዲያው የምትጠምቀውን ጠላ ማሰብ ጀመረች። ቀጠሮው እስኪደርስ ልጅቱና ልጁ መገናኘት ነውር ነው ብላም ትርንጎ እንዳትደውልለት፣ ቢደውልም እንዳታነሣ አስጠነቀቀቻት። ትርንጎም እሺ አለች። ደስ ያላት ሰው ምን ያስቸኩላታል?

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የሽማግሌ ሥራ ሰበብን ከነፈገግታው ማድረስ ነው። አቶ አስማረ ግን ቆጣቢ ስለሆኑ ቃሉን ብቻ አደረሱ፤ ፈገግታውን ደጃችን ላይ ትተውት ሄዱ። ሐጂ እንድሪስ ቢኖሩ ኖሮ «ወግ ነው፣ አትስጋ» ይሉት ነበር፤ እሳቸው ግን በማግስቱ ለንግድ ወደ ወረታ ወጡ። ዮናስም ጋዜጠኛ ነውና «በትክክል ያሉት ምንድን ነው?» እያለ አቶ አስማረን ደጋግሞ ጠየቃቸው። እሳቸውም በትክክል ነገሩት። መቼም በትክክል እንደተነገረ ነገር ሰውን የሚያሳስት የለም።

ከዚያ ለጥቂት ቀናት በዮናስ ዝግጅት ሰዓት ዘፈን ብቻ ተላለፈ። አባቴ «ታሞ ይሆን?» ብለው ተጨነቁ። እንደ አማት መጨነቅ ጀምረው ነበር።

አንድ ማታ ዮናስ ተመለሰ። አባቴ እንደ ልማዳቸው ድምፁን ከፍ አድርገው ጉርሻ አነሡ። ዮናስ ለረጅም ጊዜ ተሳስቶ እንደነበር ተናገረ። ዳኛው ራሱ ተከራካሪ ከሆነ ለማን አቤት ይባላል አለ። የሁሉም ነው የተባለ በሬ ሣር የሚያጭድለት አያገኝም አለ። መንግሥት ፋብሪካዎቹን ለሚያሠራቸው ሰው ይስጥ፣ እሱ ዳኝነቱን ይያዝ አለ። የአባቴ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ፤ ወጡ ክንዳቸው ላይ ወረደ። በዚያ ማታ «በል እንጂ» የሚል አልነበረም። ዝግጅቱ ሳያልቅ ተነሥተው ሬዲዮውን ዘጉት። ይህን ሲያደርጉ ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ልጄን ሊወስድ መጥቶ ፋብሪካዬን ሸጠው?» አሉ።

በማግስቱ ከተማው ሌላ ወሬ አልነበረውም። ፀጉር አስተካካዩ ዮናስ ሹመት ተሰጥቶታል አለ። የአባቴ የሥራ ባልደረቦች ቤት ተሰጥቶታል አሉ። ጎረቤታችን እትየ ውዴ አስፈራርተውት ነው አለችና አለቀሰችለት። አንዱ ደግሞ ውጭ አገር ሊልኩት ነው ብሎ የሚሄድበትን አገር ስም ጭምር ተናገረ። የድሮ ወዳጆቹ በመንገድ ሲያዩት ማዶ ተሻገሩ። አዲሶቹስ እልል ብለው ተቀበሉት? የለም። «ሰላይ ሊሆን ይችላል» ብለው አንድ ወንበር ራቅ አሉ። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እንዲህ ነው። ያ ሁሉ ሊቅ ባለበት ከተማ ውስጥ «ሽማግሌ ልኮ ይሆን?» ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ነገሩን የፈቱት ሐጂ እንድሪስ ናቸው። ከወረታ እንደተመለሱ ዮናስን ጠይቀው፣ ጭንቅላታቸውን ይዘው በቀጥታ ወደ ትርንጎ ትኬት መቁረጫ መጡና ነገሯት። በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ትርንጎና ዮናስ ጣና ዳር ተገናኙ፤ ነውሩም ተረሳ። እናቴ ብቻዋን አትሂድ ብላ እኔን አስከተለቻት። ለጠባቂነት የተመረጥሁት ስለማልናገር ይመስለኛል።

ከአንድ ሾላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እኔ ትንሽ ራቅ ብዬ ደንገል የጫነ ታንኳ ሲያልፍ የማይ መሰልሁ። ትርንጎ ሁሉንም ነገረችው። አባባ ያን የተናገሩት ለወጉ ብቻ እንደሆነ፣ ከዮናስ ከራሱ በላይ የዮናስን ነገር ያምኑ እንደነበር፣ ማታ ማታ ጉርሻቸውን አየር ላይ ያቆሙ እንደነበር። ዮናስ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እንግዲያው ቀላል ነው» አለችው። «ዛሬ ማታ ተመለስና የድሮውን ተናገር።»

«አልችልም» አለ።

«ለምን አትችልም?»

«የእነዚያን ሰዎች ጽሑፍ ድሮም አነብ ነበር» አለ ዮናስ። «ግን መልስ ልሰጣቸው ነበር የማነበው። አሁን አባትሽ እንደነሱ ያስባሉ ብዬ ልረዳቸው አነበብኩ። ልክ የሆኑበትን ፈለግኩላቸው። አገኘሁት፣ ትርንጎ።»

«ለእኔ ብለህ ነዋ የጀመርኸው።»

«የጀመርኩት ላንቺ ብዬ ነው። ያመንኩት ግን ላንቺ ብዬ አይደለም።»

ትርንጎም፣ አባባ ካልሰጡህስ አለችው። እሱም ዋሽቼ ባገባሽ የምታገቢው ማንን ነው አላት። ስለ ፋብሪካ ብላ እንደማታገባ፣ ፋብሪካው የፈለገው ይሁን እንደማይገዳት ነገረችው፤ አባቷን አስቀይማ ግን ከቤቷ እንደማትወጣ ጨመረችበት።  እሱም «ውጪ» እንደማይላት፣ ቢላትም እንደማታደርገው እንደሚያውቅ ነገራት።

ታንኳው አለፈ። እኔ ሐሳብ ማለት ሰው የሚይዘው ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰውን የሚይዘውም አለ። ስንመለስ ይህን ለትርንጎ ልነግራት አሰብሁና አፈርሁ፤ ለእናንተ መንገር ቀለለኝ።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ቆሙ። በወጉ ቢሆን ይህ የ«እሺ» ቀን ነበር። ጠላው ደርሷል፣ ማስታጠቢያው በእጄ ነው። አባቴ ግን ያን ቀን የተናገሩት ሰበብ እንደነበር፣ ዛሬ ሰበብ እንደማያስፈልጋቸው ገለጹ። ሐጂ እንድሪስ ልጁ የተለወጠው እኮ እርስዎን ደስ ሊያሰኝ ነው ብለው ነገሩን ለማለዘብ ሞከሩ። ይህን ባይሉ ይሻል ነበር።

«የባሰውን ነገሩኝ» አሉ አባቴ። «ለሚስት ብሎ ሐሳቡን የለወጠ፣ ነገ ለሐሳብ ብሎ ሚስቱን ይለውጣል።»

 እኔ ጓዳው በር ላይ ነበርሁ። ከኋላዬ ትርንጎ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ቆማ ነበር። አላለቀሰችም። የነጠላዋን ጫፍ ብቻ እየጠቀለለች ትፈታ፣ እየፈታች ትጠቀልል ነበር።

ሐጂ እንድሪስ አንድ ቀጠሮ ብቻ ለመኑ። ሽማግሌ ሦስቴ ደጅ ይጠናል፤ ከሦስት በኋላ ግን ደጅ መጥናት ሳይሆን ደጅ መድፈር ነው። አባቴ ስለ ሐጂ ብለው የመጨረሻውን ቀጠሮ ሰጡ፤ ልጁ እስከዚያ የድሮውን ቃል በሬዲዮ ይመልስ፣ ካልመለሰ አትምጡ አሉ። አቶ አስማረ ቃሉን በትክክል ይዘው ሄዱ። በዚህ ጊዜ በትክክል መያዛቸው አስፈራኝ።

ከዚያ ወዲህ ሬዲዮው ማታ ማታ እንደገና ተከፈተ። አባቴ የዮናስን መመለስ ይጠብቃሉ፤ ዮናስ አይመለስም። እሳቸው ይናደዳሉ፤ ተናደውም አይዘጉትም። «የለም፣ ይኸ ልክ አይደለም» ይሉታል። «እሺ ሸጠው እንበል፤ የሠራተኛው ጡረታስ?» ይሉታል። እጃቸውን ያወራጫሉ። እናቴ አንድ ማታ «ድሮ ዝም ብለህ ትሰማው ነበር፤ አሁን ገና መነጋገር ጀመራችሁ» አለቻቸው። አባቴ ገላመጧት። እኔ ግን ስለ እናቴ አባባል ብዙ አሰብሁ። ከሚስማማን ሰው ጋር የምንነጋገረው «በል እንጂ» ብቻ ከሆነ፣ እውነትም እስከዚያ ድረስ አልተነጋገሩም።

ቀጠሮው ሊደርስ ሲል ዮናስ በዝግጅቱ መጨረሻ አንድ ነገር ተናገረ። ፋብሪካ ሲሸጥ ዕድሜውን የሰጠው ሠራተኛ ምን ይሆናል ለሚለው ጥያቄ ገና መልስ እንዳላገኘ፣ እስኪያገኝ ድረስም እንዳገኘ እንደማያስመስል ተናገረ። አባቴ እጃቸውን ሊያወራጩ አንሥተው ነበር። ቀስ ብለው መልሰው አወረዱት።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። አትምጡ ተብለው መምጣታቸው ራሱ ድፍረት ነው። ትርንጎ ጓዳ ውስጥ ቆማ ነበር። አቶ አስማረ ተናገሩ።

«አቶ ፈንታሁን፣ ልጁ አልመለስም ብሏል። አፍረን ልንቀር ነበር፤ ግን ቃሉን ሳናደርስ መቅረት ደግ አይደለም ብለን መጣን።»

አባቴ ወደ አቶ አስማረ ዞሩ።

«ልጄን ብከለክለውም?»

«ቢከለክሉትም። እወዳታለሁ፣ የማላምነውን ግን አልናገርም ብሏል። ሲናገር ዕንባ ይዞት ነበር» አሉ አቶ አስማረ። በዚህኛው ጊዜ ቃሉን ብቻ አልነበረም ያመጡት።

አባቴ ወደ መስኮቱ ተመለከቱ። ሬዲዮው ተዘግቷል። ከዚያ «እንግዲህ ቁጭ በሉ» አሉ።

«ቁጭ በሉ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመረዳት ለእኔ ጊዜ ወሰደብኝ። ሐጂ ሲቀመጡ ነው የገባኝ። ማስታጠቢያውን ይዤ ስሮጥ ውኃውን በሦስተኛው ሽማግሌ እጅጌ ላይ ደፋሁት። «አይዞሽ» አሉኝ። በሽምግልናው ሁሉ የተናገሯት ቃል ይህችው ናት።

ማታ እናቴ አባቴን ምን አገኘህ ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የጠሉት ሐሳቡን እንዳልነበር፣ እንደ ቅጠል መገልበጡን እንደነበር፣ ቅጠል ደግሞ ለነፋስ እምቢ እንደማይል ነገሯት። እናቴ በመጀመሪያው ቀን እሺ ብላ እንደነበር፣ የጠየቃት ሰው ግን እንዳልነበረ አስታወሰቻቸው።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ሠርግ አለ።

ሠርጉ በጥር ሆነ። የእኛ፣ የሴት ቤቱ፣ ድንኳን ከማለዳው ሞላ። ዘመድ ከጎርጎራ በጀልባ፣ ከማክሰኝት በአውቶብስ መጥቷል። የሠርግ ወግ መቼም ታውቁታላችሁ። ሙሽራው በአጃቢ ታጅቦ እየተዘፈነለት ይመጣል፤ የሴት ቤት ልጆች በር ይዘው አናስገባም ይላሉ፤ ዘፈን በዘፈን ይሟገታሉ፤ በመጨረሻ አባት «ግቡ» ይላሉ። የአጃቢው ብዛት የሙሽራው ክብር ነው።

የዮናስ አጃቢ ከየት ይምጣ? የድሮዎቹ ወዳጆቹ ትቶናል ብለው ቀሩ። አዲሶቹ ወደ እነሱ መምጣቱን ገና ስላላመኑ ቀሩ። ከአርባ ምንጭ እናቱና አጎቱ መጥተዋል፤ ሌላው መንገዱ ሩቅ ሆኖበታል። ሐጂ እንድሪስ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ሆነው ለአባቴ ደወሉ። ሙሽራው፣ እናቱ፣ አጎቱ፣ ሚዜ ሊሆኑ የተለመኑ ጀልባ ነጂዎች፣ ሽማግሌዎቹና አንድ ሚኒባስ ብቻ መሆናቸውን ነገሯቸው። ሚኒባሱም አልሞላም።

አባቴ ፊታቸው ተለወጠ። ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሙሽራው በባዶ ሚኒባስ ከመጣ፣ ሰው ለሌለው ሰው ልጁን ሰጠ ይባላል። ከዚያም በላይ ያቺ ከሩቅ የመጣች እናት ልጇን እንዲህ ብቻውን ሆኖ ስታየው ምን ይሰማታል? አባቴ የእናቴን ወንድም በክንዱ ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱትና፣ ወጣቶቹን ይዞ በጓሮ በር እንዲወጣ፣ ዞሮ ከሙሽራው ጋር እንዲገባ ነገሩት።

«እኛ እኮ የሴት ቤት ነን» አለ አጎቴ። «ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው የሚለውን እኔ ለምጀዋለሁ፤ ውጣ» አሉት።

አጎቴ ወጣቶቹን ይዞ ወጣ። ግን ሰው ሲወጣ ያየ ሰው ዝም ብሎ ይቀመጣል? የጎርጎራዎቹ «ወዴት ነው?» ብለው ተከተሉ። የማክሰኝቶቹ የጎርጎራዎቹ ያገኙት እንዳያመልጣቸው ተከተሉ። በር ሊይዙ የተዘጋጁት ልጃገረዶች ድንኳኑ ሲሳሳ አይተው ከበሯቸውን አንሥተው ወጡ፤ እኔንም በእጄ ጎተቱኝ። ወጥ የሚሠሩት ሴቶች ጭልፋቸውን እንደያዙ ወጡ። እናቴ እነሱን ልትመልስ ወጥታ እሷም እዚያው ቀረች።

መታጠፊያው ጋ ስንደርስ ዮናስ ከሚኒባሱ ወርዶ ቆሞ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ሲያይ የሌላ ሙሽራ አጃቢ መስሎት መንገድ ለቀቀ። አጎቴ እየሳቀ ያንተ ነን አለው። የዮናስ እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ከኋላ አባቴ መጡ፤ ሰዉን ሊያሰልፉ ነበር አመጣጣቸው፣ ግን የዮናስ እናት ክንዳቸውን ያዟቸው። አባቴም የዮናስን እጅ ያዙ፤ ከበሮው ተመታ፤ መሄድ ጀመርን።

እኔ በሰው ፊት ዘፍኜ አላውቅም። በዚያ ሰልፍ ውስጥ ግን ማን ያየኛል? የራሴን ቤት እያየሁ፣ በራሴ ቤት ላይ፣ ክፈቱልን እያልሁ ጮህሁ። ከወዲህ በኩል ሲያዩት ቤታችን ሌላ ነው። የቆርቆሮው በር ሁልጊዜ ከውስጥ የማውቀው ትንሽ በር ነበር፤ ከውጭ ሆኖ ለሚለምን ሰው እንዴት ከባድ እንደሆነ ያን ቀን አየሁ።

በሩ ጋ ደርሰን ዘፈናችንን አቆምንና መልስ ጠበቅን። መልስ የለም። አጎቴ ምን ነካቸው ብሎ አስደገመን። እንደገና ዘፈንን፤ እንደገና ጠበቅን። ጸጥታ። ያኔ እርስ በርሳችን ተያየን። በር ሊይዙ የሚገባቸው ልጃገረዶች አጠገቤ ናቸው። ወጥ ሠሪዎቹ እዚህ ናቸው። እናቴ እዚህ ናት። ውሻችን እንኳ ከእኛ ጋር ነበር። «አናስገባም» የሚል ሰው ጠፋ፤ «ግቡ» የሚልም አብሮ ጠፋ።

በሩ ገርበብ አለ። ትርንጎ ነበረች፣ ከነሙሽራ ልብሷ። ሙሽራ በር ስትከፍት አይቶ የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን አልነበረም። አንድ በአንድ አየችን። ዮናስን አየችው፤ ፈገግ አለች። ከዚያ ዓይኗ የዮናስን እጅ የያዙት አባቴ ላይ ደረሰ።

«ሁላችሁም ልትወስዱኝ ከመጣችሁ የሚሰጠኝ ማን ነው?» አለች።

ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ የዮናስን እጅ ለቀቁ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። በሕዝቡ መካከል አልፈው ገቡ፤ ትርንጎንም ወደ ውስጥ መለሷት፤ በሩንም ከኋላቸው ዘጉት። መቀርቀሪያው ሲገባ ተሰማ። አንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ በዚያ በሽማግሌ ፊት በሚናገሩበት ወፍራም ድምፃቸው፣

«እነማን ናችሁ? ከማን ወገን ነው የመጣችሁት?» አሉን።